ብቻውን ሲሰማ የሚያምር ድምፅ

ሄይሞ ካንጋስ ከሰው ተጣልቶ አያውቅም፤ ለመጣላት እንኳ መነጋገር ያስፈልጋልና። አርባ ሰባት ዓመቱ ነው። ኮኮላ ወደብ ላይ የክሬን ኦፕሬተር ሆኖ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቷል። ጠዋት መሰላሉን ይወጣል፣ ከባሕሩ በላይ በተንጠለጠለችው ጠባብ የመስታወት ክፍል ውስጥ ሲሠራ ይውላል፣ ከዚያ ወርዶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በሬዲዮ የሚናገራቸው ቃላት ሦስት ናቸው፤ «ያዝ»፣ «ልቀቅ»፣ «እሺ»። አግብቶ ነበር። ሚስቱ በስድስተኛው ዓመት ጥላው ስትወጣ እንዲህ አለችው፤ «አንተ እኮ ክፉ ሰው አይደለህም ሄይሞ። ግን ፍሪጁም እንኳ አልፎ አልፎ ድምፅ ያሰማል።» እሱም ሻንጣዋን እስከ ታክሲው ድረስ ተሸከመላት። ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው።

ጊታር ላይ ግን ሌላ ሰው ነው። በበጋ ቅዳሜ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ባለው የዳንስ አዳራሽ ከማርቲ ባንድ ጋር ይጫወታል። ማርቲ አኮርዲዮን ይዞ ይመራል፣ ኬርቱ የምትባል የስልሳ ዓመት ሴት ቤዝ ጊታር ትጫወታለች፣ ዩሃኒ ከበሮውን ይመታል። በክረምት አዳራሹ ስለሚዘጋ ሄይሞ ቤቱ ይቀመጥና ለራሱ ይጫወታል። ይጫወት ነበር ማለት ይሻላል፤ አንድ ቀን በሩ ላይ እንዲህ የሚል ወረቀት ተለጥፎ አገኘ።

«የተከበሩ የሦስተኛ ፎቅ ነዋሪ፣ የጊታርዎ ድምፅ ጥሩ ነው። ሆኖም ያለው እኛ ሳሎን ውስጥ ነው። ከሰላምታ ጋር፣ አንድ ጎረቤት።»

የትኛው ጎረቤት እንደጻፈው ለማወቅ አልሞከረም። ሌላ ሰው ቢሆን በር ያንኳኳ ነበር። ሄይሞ ግን በማግስቱ ሄዶ ከሱቁ ውስጥ ርካሹን ዲጂታል የጊታር ድምፅ ማጉያ፣ አምፕ የሚሉትን፣ ገዛ። ይህ ሳጥን የታወቁ የድሮ አምፖችን ድምፅ በኮምፒውተር እየኮረጀ የሚያወጣ፣ ከዳቦ ማስቀመጫ ብዙም የማይበልጥ ነገር ነው። ዋናው ጥቅሙ ግን የጆሮ ማዳመጫ ሲሰካበት ዓለም ምንም የማይሰማ መሆኑ ነው። ለሄይሞ የተሠራ ይመስል ነበር።

ኢንገላን ያገኛት በዚሁ ሳጥን ምክንያት ነው። የሳጥኑ ባለቤቶች በኢንተርኔት የሚወያዩበት ገጽ ነበር፤ እዚያ ላይ አንዲት ሴት እንዲህ ስትል ጻፈች፤ «የገዛሁት አምፕ ቆርቆሮ ውስጥ የታጎረ ንብ ይመስላል። የተበላሸው እሱ ነው ወይስ እኔ?» ወንዶቹ ተንጫጩባት። አንዱ ሽጪው አላት፣ ሌላው ርካሽ ዕቃ ርካሽ ነው አላት፣ ሦስተኛው ስለ ራሱ ውድ አምፕ አንድ ገጽ ሙሉ ተረከላት። ሄይሞ ሁለት ቀን ካሰበ በኋላ መለሰላት።

«አልተበላሸም። አንቺም አልተበላሸሽም። ፋብሪካው የጫነልሽ ድምፆች ሱቅ ውስጥ ለሚሞክር ጎረምሳ የተሠሩ ናቸው፤ ሁሉም ይጮኻሉ፣ ሁሉም ኢኮ በሚሉት የገደል ማሚቶ ውስጥ ተነክረዋል። ማስዋቢያውን በሙሉ አጥፊና ባዶውን አዳምጪ። ጌን የሚለውን፣ ድምፁን የሚያሻክረውን ማዞሪያ፣ ከግማሽ በታች አውርጂው። ከዚያ ሳጥኑ የሚኮርጀውን የስፒከር ዓይነት ቀይሪ፤ ከምንም በላይ ድምፁን የሚለውጠው እሱ ነው። ቁጥሮቹን አትዪ። በጆሮሽ ሂጂ።»

በወጣትነቱ ከውትድርና ደብዳቤ ይጽፍ ከነበረበት ጊዜ ወዲህ ይህን ያህል ጽፎ አያውቅም። በማግስቱ መልሷ መጣ፤ ሁለት ቃል ብቻ ነበር፤ «ንቦቹ ወጡ።» ሄይሞ ክሬኑ ላይ ሆኖ አነበበውና ብቻውን ሳቀ። ታች የቆመው ሠራተኛ በሬዲዮ «ምን አልክ?» ብሎ ጠየቀው።

ኢንገላ ከባሕሩ ማዶ፣ ስዊድን ውስጥ፣ ኡሜኦ የምትኖር ነርስ ናት። እናቷ ፊንላንዳዊት ስለነበረች ፊንላንድኛውን ትችላለች፤ ሆኖም ስትናገር የስዊድኖቹ ዜማ ስላለበት ሁልጊዜ ልትዘፍን የተነሣች ይመስላል። አርባ አራት ዓመቷ ነው። ባሏን ከፈታች ቆይታለች፤ አንዲት ልጇ አድጋ ጎተንበርግ ገብታለች። ጊታሩ የልጇ ነበር። «ጥላው ሄደች፤» ብላ ጻፈችለት፤ «እኔም እንዳይከፋው ብዬ አነሣሁት።» ማታ ማታ ከሥራ ስትገባ የወጥ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ ሳጥኑን አስቀምጣ፣ ማዳመጫውን አድርጋ፣ የምታውቃቸውን አራት ኮርዶች ትጫወታለች።

ሄይሞ እሑድ እሑድ አንድ ድምፅ እየሠራ ይልክላት ጀመር። ሳጥኖቻቸው አንድ ዓይነት ስለሆኑ እሱ ያስተካከለው በእሷ ዘንድ ልክ እንደዚያው ይከፈታል። ከድምፁ ጋር ሁለት ሦስት መስመር ይጽፋል። እሷ ደግሞ ገጽ ሙሉ ትመልሳለች፤ ሰባተኛው ድምፅ ጠዋት ጠዋት እንደሚስማማት፣ አሥራ አንደኛውን ስትጫወት እናቷ ትዝ እንዳለቻት፣ አሥራ አራተኛው ትንሽ ኩሩ እንደሆነና እንዳልወደደችው። ከዚያ በፊት ማንም ሰው የሄይሞን ነገር ኩሩ ብሎት አያውቅም። ደስ አለው።

ጥቅምት ላይ በመርከብ ተሻግሮ ሄደ። ለሦስት ሰዓት ያህል ካፌ ተቀመጡ። ይዛው የመጣችው የጊታሯ ክሮች ከፍ ብለው ጣቷን ያሳምሟት ስለነበር ወርዶ መኪናው ውስጥ ካለው ዕቃ መፍቻ አመጣና አስተካከለላት። ኡሜኦን እንዴት እንዳገኘው ስትጠይቀው «ነፋስ አለው» አለ። ወደብ ድረስ ሸኘችው። እዚያ ቆመው እጆቿን ካፖርቷ ኪስ ውስጥ ከትታ፣ «ሄይሞ፣ እኔና አንተ ምንድን ነን?» አለችው።

የሚለው ነገር ነበረው። ጉሮሮው ድረስ ደርሶ ነበር። ግን ባሕሩን አየና፣ «መርከቧ ደረሰች» አለ።

ኢንገላ ሳቀች። ዓይኖቿ ግን ከሳቁ ጋር አልነበሩም፤ ሄይሞም ያንን አይቶ አራት ሰዓት ሙሉ በመርከቧ መስኮት ውኃውን እያየ ራሱን ሲረግም ተመለሰ።

ክረምቱን መጻጻፋቸው አልተቋረጠም። እሷ ጥያቄውን አላነሣችም፤ እሱም አላነሣም። በየካቲት፣ ባሕሩ በረዶ በሆነበት ሰሞን፣ ሃያ ሦስተኛውን ድምፅ ላከላት። ንጹሕ ነበር፣ ጥግ ጥጉ ብቻ ትንሽ የጎረነነ። ከታች «ይሄ ያንቺ ነው» ብሎ ጻፈ። ለእሱ ይህ ብዙ ነው። እሷም ያን ዕለት ገጽ ሙሉ አልመለሰችም፤ «አውቃለሁ» ብቻ አለችው።

ግንቦት መጨረሻ ላይ በእጅ የተጻፈ እውነተኛ ደብዳቤ መጣ።

«ሄይሞ፣

በእናንተ ከተማ ሆስፒታል ያመለከትኩት ሥራ ተሳክቶልኛል። መልሴን ከዳንሱ ቀጥሎ እስካለው ሰኞ ይጠብቃሉ። ለሥራ ብዬ አገር እንደማልለውጥ ታውቃለህ።

ጥቅምት ላይ በአፌ ጠየቅኩህ፤ መርከብ አሳየኸኝ። አልተቀየምኩም። ትንሽ ተቀይሜያለሁ። ሁለተኛ በአፍህ መልስልኝ አልልህም።

አዳራሹ በሚከፈትበት የመጀመሪያው ቅዳሜ ለዳንሱ እመጣለሁ። ሁልጊዜ የምትጫወቱትን የታንጎ ዘፈን መግቢያ በእኔ ድምፅ፣ በሃያ ሦስተኛው፣ ተጫወተው። ከሰማሁት የሴቶች ተራ ሲደርስ መጥቼ ለዳንስ እጠይቅሃለሁ፤ ሰኞም ለሆስፒታሉ እሺ እላለሁ። ካልሰማሁት ምንም ማስረዳት አይጠበቅብህም። እሑድ በመርከቤ እመለሳለሁ፤ ስለዚህም ነገር አንነጋገርም። መልእክትም አትላክልኝ፣ እኔም አልልክም።

ይሄ ላንተ የሚቀል መንገድ ይመስለኛል። ከዚህ በላይ ማቅለል ግን አልችልም።

ኢንገላ»

ስድስት ጊዜ አነበበው። ከዚያ አጥፎ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተና ቀኑን ሙሉ ኮንቴይነር ሲያነሣ ዋለ፤ አንዱንም አላጋጨም።

ማርቲን የታንጎውን መግቢያ እንዲተውለት መጠየቅ ነበረበት። መግቢያው ግማሽ ደቂቃ ያህል ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ በአኮርዲዮን የተጫወተው ማርቲ ራሱ ነው። ለምን እንደፈለገው ሲጠየቅ ሄይሞ «እንዲሁ» አለ። ማርቲ ትከሻውን ሰበቀና ተወለት።

ከዚያ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከወደብ ሲመለስ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ድምፁን ማበጀት ያዘ። ለእሷ ልኮላት የነበረው በቂ አልመስልህ አለው። ኢኮውን ጨመረና ሰፊ አደረገው። ከታች ጎርናናውን ቤዝ ሞላው፣ ከላይ ቀጭኑን ትሬብል አበራው። መካከለኛው ድምፅ ግን ጆሮው ውስጥ እየገባ የሚነጫነጭ ስለመሰለው ቀስ በቀስ ቀነሰው፤ በመጨረሻ ዜሮ አደረሰው። ነጭናጫው ሲጠፋ የቀረው ሐር ነበር። አንድ ማታ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሲጫወተው እንባው መጣ። በዚያ ክፍል ውስጥ ያየው ሰው አልነበረም፤ የሰማውም።

ለአንድ ሰው ቢያሰማው ኖሮ ይነገረው ነበር። ለማሰማት ግን ለምን እንደሆነ መናገር ሊመጣ ነው። መድረክ ላይ ለዓመታት የተጫወተበት ትልቁ አምፕ ደግሞ ማርቲ ከሃያ ዓመት በፊት ያስተካከለለት ነው፤ ማዞሪያዎቹን ነክቷቸው አያውቅም። ስለዚህ ቤት የተሠራ ድምፅ ሰው መሐል ሲገባ ምን እንደሚሆን ሄይሞ አላወቀም።

ቅዳሜ ከሁሉም ቀድሞ አዳራሹ ደረሰ። አዳራሹ ከእንጨት የተሠራ ነው፤ ግድግዳ የለውም፣ በዙሪያው ጥድ፣ ከጥዱ ወዲያ ሐይቁ። ሳጥኑን ከኋላው ወንበር ላይ አስቀመጠና ባዶው ወለል ላይ መግቢያውን ተጫወተው። ድምፁ እስከ ቋሊማ መሸጫው ድረስ ሄዶ ተመለሰ። አማረ። ትንሽ እንኳ አልጠረጠረም።

ማርቲ ሲመጣ ሳጥኑን አየና፣ «ይሄ ምንድን ነው? ምሳህን ነው?» አለው።

«አምፕ ነው።»

«ትልቁስ?»

«ቤት ነው።»

«እንደ ሚስት ቤት ተውከው እንዴ?» አለች ኬርቱ ገመዷን እየፈታች። «ለማንኛውም ዛሬ ሸሚዝ ተኩሰሃል። ይሄን ነገር በጋዜጣ ማውጣት ነው።»

ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ገና ሐይቁ ላይ እንዳለች፣ ሰው ሞላ። ሴቶቹ በአንድ በኩል፣ ወንዶቹ በሌላ በኩል ቆሙ። ወግ ነው፤ ወንዱ ወለሉን ተሻግሮ ይጠይቃል፣ ሁለት ዘፈን ይደንሳሉ፣ ከዚያ ሴቲቱን ወደ ነበረችበት መልሶ አመሰግናለሁ ይላል። ይኸው ነው። ብዙ ትዳር በዚህ መንገድ ተጀምሯል፤ ማንም ብዙ ሳይናገር።

ሄይሞ ሦስተኛው ዘፈን ላይ አያት። ከሴቶቹ ጀርባ፣ ምሰሶውን ተደግፋ፣ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ ቆማለች። ከጥቅምት ወዲህ ፀጉሯን አሳጥራለች። ዓይናቸው ተገናኘ። ቦርሳዋን ከያዘው እጇ አንድ ጣት አነሣችለት፤ እሱም አገጩን ዝቅ አደረገ። ሁለቱም ለዚህ ያህል ደፍረው በመተያየታቸው አፈሩና ፊታቸውን አዞሩ።

ታንጎው በሁለተኛው ዙር መጨረሻ ላይ መጣ። ሄይሞ በእግሩ ቁልፉን ረግጦ ሃያ ሦስተኛውን አበራ። ወለሉ ላይ መቶ ጥንድ ሰው ነበር። ዩሃኒ ከበሮውን ጀመረ፣ ኬርቱ ገባች፣ ሄይሞም ዓይኑን ጨፍኖ ተጫወተ። ሳጥኑ ከጀርባው ከግማሽ ሜትር ርቀት ላይ ስለነበር እያንዳንዷን ድምፅ ይሰማ ነበር። በሕይወቱ እንደዚያ ተጫውቶ አያውቅም፤ ክሬኑ ላይ የዋጠውን ቃል ሁሉ ጣቶቹ ያወጡት መሰለው። መሐል ላይ የማርቲ አኮርዲዮን ከጎኑ ገባ። ሽማግሌው አያስችለውም እኮ፣ ብሎ አሰበ፤ አልተቀየመውም።

ሲጨርስ ዓይኑን ገለጠ። ኢንገላ ወለሉን ታይ ነበር። ልቧ ተነክቷል አለ በሆዱ።

ዕረፍት ሆነ። ከቴፕ ዘፈን ተለቀቀ፤ ከመድረኩ በላይ «የሴቶች ተራ» የሚለው መብራት በራ። ሄይሞ ከመድረኩ ወርዶ ደረጃው ግርጌ ቆመ። ሴቶቹ ወለሉን ይሻገሩ ጀመር። አንዲት ዳቦ ቤት የምትሠራ ሴት መጥታ እጇን ዘረጋችለት። በሴቶች ተራ እምቢ ማለት ነውር ነው፤ እዚያ አገር ያደገ ሰው አያደርገውም። ሄይሞ ግን «ይቅርታ፣ ሰው እየጠበቅኩ ነው» አላት። ሴትየዋ ደነገጠች፤ ያለው ነገር ሳይሆን መናገሩ ገርሟት።

አንደኛው ዘፈን አለቀ። ሁለተኛው ጀመረ። በዳንሰኞቹ ትከሻ መሐል ኢንገላ ሹራቧን ስትለብስ አያት። ቀና ብላ ረጅም ጊዜ ተመለከተችው። ቁጣ አልነበረም ፊቷ ላይ፤ ቢኖር ይሻለው ነበር። ከዚያ ጎንበስ አለችለት፤ ዳንስ የጨረሰች ሴት አመሰግናለሁ እንደምትለው ዓይነት። በጥዶቹ መሐል ወደ መኪኖቹ ሄደች።

አልተከተላትም። ስምምነታቸው ነበር። ሰምታው ነው፣ አለ ለራሱ። ሰምታው፣ እኔን ደግሞ በአካል አይታኝ፣ ሐሳቧን ለወጠች። ሰው በጽሑፍ ይሻላል። ከዚያ መድረኩ ላይ ወጥቶ ሦስተኛውን ዙር ተጫወተ።

እሑድ ጠዋት ዕቃውን ማርቲ ጋራዥ ውስጥ ለማራገፍ ሲሄድ ኬርቱ ብቻዋን ጠበቀችው። ያን ቀን ሄይሞ ፊቱን አልተላጨም።

«ስማ እንጂ፣» አለችው፤ «ትናንት ምን ሆነህ ነው? መግቢያውን ለምነህ ወሰድክ፣ ከዚያ ቆመህ ቀረህ።»

«ተጫውቻለሁ።»

«ምኑን?»

«መግቢያውን። ሙሉውን።»

«ማርቲ ነው የተጫወተው። አንተ ስትጠፋ ጊዜ ደርሶ ሸፈነልህ። እኔ ከአጠገብህ ሦስት ሜትር አልርቅም፤ አንዲት ድምፅ ብሰማ ከምላሴ ፀጉር ይነቀል።»

ሄይሞ ዞር ብሎ መኪናው ውስጥ ያለውን ሳጥን አየ። ኬርቱ ፊቱን ስታይ ቀልዷን ተወች። ሳጥኑን ከመኪናው አወረደች፣ ግድግዳው ላይ ሰካችው፣ ትንሿን መስኮት አጎንብሳ አነበበች።

«መካከሉን ዜሮ አደረግከው እንዴ? አንተ ሰውዬ፣ ጊታር እኮ የሚሰማው በመካከሉ ነው። ቦታህ እዚያ ነው። ታቹ የእኔ ነው። ላዩ ዩሃኒ ከከበሮው ጋር የሚመታቸው የብረት ሳህኖች ናቸው። አንተ የራስህን ቦታ ባዶ ትተህ መጥተህ እኛ ላይ ተኛህ። በዚህ ላይ ኢኮውን ዝም ብለህ አፍስሰህበታል። የት ነው የሠራኸው?»

«ቤት። በማዳመጫ።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ብቻዬን ስሰማው ያምር ነበር።»

«ብቻውን ሲሆን የማያምር ማን አለ?» አለች ኬርቱ። ወዲያው ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሄይሞዬ፣ ለሰው ነበር እንዴ?» ብላ ጠየቀችው።

መጀመሪያ የተሰማው እፎይታ ነበር፤ ኢንገላ አልናቀችውም። ቀጥሎ ግን ሌላው ነገር ገባው። ኢንገላ አንድ ሙሉ ባሕር ተሻግራ መጥታ፣ ምሰሶ ተደግፋ ጠብቃ፣ የሰማችው የማርቲን አኮርዲዮን ነው። ዝምታን ነው የሰማችው፤ ለሁለተኛ ጊዜ፣ ከእሱ። ያን ጊዜ ጎንበስ ስትል ደግሞ ለዝምታው አመስግናዋለች።

መርከቡ ቫሳ ከተባለው ወደብ የሚነሣው በሰባት ሰዓት ነው። አሁን አራት ተኩል ሊሆን ነው። መንገዱ መቶ ሃያ ኪሎሜትር ይሆናል። ሄይሞ ጊታሩንም ሳጥኑንም እዚያው ጥሎ መኪናው ውስጥ ገባ። ሁለት ጊዜ ደወለላት፤ ስልኳ ተዘግቷል። መንገዱን ሙሉ የሚላትን ቃል ሲለማመድ ሄደ። በጫካዎቹ መሐል ለመሪው፣ ለመስታወቱ፣ ለፊት ለፊቱ የጭነት መኪና ነገራቸው። ሁሉም ሰሙት።

መኪኖቹ በሦስት መስመር ተሰልፈው ነበር። ግራጫዋ መኪናዋ ሁለተኛው መስመር ላይ፣ ከአንድ ትልቅ የጭነት መኪና ፊት ቆማለች። ቢጫ ሰደርያ የለበሰ ሠራተኛ እጁን ዘርግቶ አስቆመው።

«ጌታው፣ በእግር መግባት ክልክል ነው።»

«እሺ፣» አለ ሄይሞ፤ ገባም።

መስኮቷን አንኳኳ። ኢንገላ ደንግጣ አወረደችው። ዓይኖቿ አብጠው ነበር፤ ልትደብቃቸው አልሞከረችም።

«ሄይሞ?»

የተለማመደው ሁሉ ጠፋበት። «መካከለኛውን ዜሮ አድርጌው ነበር፣» አለ።

«ምን?»

«የሳጥኑን። መካከለኛውን ድምፅ። በማዳመጫ ስሰማው የሚያምር መሰለኝና ቀነስኩት። ኢኮውንም አበዛሁ። ባንዱ መሐል ሲገባ ጠፋ። ማርቲ ሸፈነልኝ። እኔ አልሰማሁም፤ አጠገቤ ስለነበር ለእኔ ይሰማኝ ነበር። ኬርቱ ናት ዛሬ ጠዋት የነገረችኝ።»

ኢንገላ ሁለት እጆቿን መሪው ላይ አኖረች። «ተጫውተኸዋል?»

«ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው።»

«አምላኬ።» ግንባሯን እጆቿ ላይ ደፋች። «እኔ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ራሴን ስሰድብ አደርኩ። በዚህ ዕድሜዬ መርከብ ተሳፍሬ ወንድ ልለምን መጣሁ ብዬ።»

«እኔ ደግሞ አይተሽኝ የተውሽኝ መስሎኝ።»

«የምን አይቼህ?»

«እንዲሁ። በአካል።»

ሳቀች፤ ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረና ለቅሶ ሆነ። ሄይሞ እጁን የት እንደሚያደርግ አጥቶ የመኪናውን በር ያዘ። ነገሩ የተፈታ መሰለው። ቀና ስትል ግን ፊቷ እንደተፈታ ሰው አልነበረም።

«አሁን የነገርከኝ ሳጥኑ ምን ሊለኝ እንደነበረ ነው፣» አለችው። «አንተ ምን እንደምትለኝ አልነገርከኝም። ጥፋቱ የእኔም ነው፤ ይቅለለው ብዬ ወደ ጊታር ላክሁህ። ሌሊት ግን ሌላ ነገር አሰብኩ። ብሰማውስ ኖሮ? እሺ ብዬ፣ ቤቴን ለቅቄ፣ አገር ለውጬ እመጣለሁ። ክረምቱ ይገባል። አንተ ማዳመጫህን አድርገህ ትቀመጣለህ፤ እኔ ከጎንህ ሆኜ አልሰማህም። ሄይሞ፣ ብቻዬን መሆን እችላለሁ፤ ለምጄዋለሁ። ሰው አጠገብ ሆኜ ብቻዬን መሆን ግን እፈራለሁ።»

የቀድሞ ሚስቱ ሻንጣዋን እስከ ታክሲ ሲሸከምላት ይህንኑ ልትለው ፈልጋ እንደነበር ሄይሞ አሁን ገባው። ፊት ያሉት መኪኖች ሞተር አስነሡ። መስመሩ መንቀሳቀስ ጀመረ። ቢጫ ለባሹ እጁን እያወዛወዘ ኢንገላን ነይ ነይ ይላታል።

ያኔ ተናገረ። ተናገረ፤ ነገር ግን ዕድሜውን ሙሉ እንደሚናገረው፣ ወደ ደረቱ። በዚያው ቅጽበት ከኋላ ያለው የጭነት መኪና ጡሩንባውን ነፋ።

«አልሰማሁህም፣» አለች ኢንገላ።

ዞር ብሎ ሹፌሩን አየ። በየመስኮቱ የተቀመጡትን ሰዎች አየ፤ ቤተሰቦች፣ ሽማግሌዎች፣ ሳንድዊች የያዘች አንዲት ልጅ። ሁሉም ያዩታል። እናቱ ቤት ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው አልነበረም፤ አባቱ ሲሞት እንኳ በሹክሹክታ ነበር የነገሩት። አየር ሳበ።

«ብቸኝነቱ ከብዶኛል ኢንገላ!» አለ። ድምፁ የራሱ አልመስልህ አለው፤ ሻካራ ነበር፣ ይንቀጠቀጣል፣ ምንም አላማረም። «አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ደህና ነኝ ስል ኖሬያለሁ፤ ደህና አልነበርኩም። እሑድ የምጽፍልሽን ከሰኞ ጀምሬ ነው የማስበው። ጥቅምት ላይ ስትጠይቂኝ እወድሻለሁ ልልሽ ነበር፤ ፈራሁ። አሁንም ፈርቻለሁ። እወድሻለሁ። ነይልኝ። ማዳመጫውን አወልቃለሁ። ዝም ካልኩ ምን ሆነህ ነው በይኝ፤ እነግርሻለሁ። ቀስ ብዬ ነው የምነግርሽ፤ ግን እነግርሻለሁ።»

ጡሩንባው ዝም አለ። ቢጫ ለባሹም እጁን አወረደ። ሹፌሩ መስኮቱን ከፍቶ በክርኑ ተደግፎ ይሰማ ነበር፤ መልሷን እሱም የፈለገ ይመስላል።

ኢንገላ ጉንጮቿን በመዳፏ ጠረገች። «ነገ ጠዋት የሕሙማን ክፍል ተረኛ ነኝ፤ ዛሬ መመለስ አለብኝ፣» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ሁለት ሰዓት ላይ ለሆስፒታሉ ደውዬ እሺ እላቸዋለሁ። ከዚያ ላንተ እደውላለሁ። ስታነሣ ዝም እንዳትለኝ።»

«አልልሽም።»

እጇን በመስኮቱ አውጥታ ያልተላጨ ጉንጩን ነካችው። ለአንድ አፍታ ብቻ ነበር። ከዚያ ማርሹን አስገባች፤ ግራጫዋ መኪና ብረቱን ድልድይ ወጥታ መርከቡ ሆድ ውስጥ ገባች። የጭነት መኪናው ሹፌር ሲያልፍ ሁለት ጣቱን ግንባሩ ላይ አድርጎ ሰላም አለው።

ሄይሞ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ መርከቡ ሲነሣ አየ። ነፋስ ነበር። ሰዎቹ አንድ በአንድ ወደ መኪኖቻቸው ተመለሱ፤ እሱ ቆሞ ቀረ። ለዓመታት ብቻውን ሲኖር ማንም አልጎደለበትም ነበር። አሁን ግን መርከቡ ገና ከወደቡ አፍ ሳይወጣ ናፈቀችው፤ ደረቱ ውስጥ አንድ የሰው ቦታ ባዶውን ሆኖ ክፉኛ አመመው፤ ሄይሞም ሕመሙ እንዳይሽርለት ፈለገ።